ድረ ገጻችሁን ራሳችሁ አንብቡት

(ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ገበያ ነው። ገበያ ስንል ግን ሰኞ ሰኞ ደሴ ላይ የሚቆመውን ብቻ ማለታችን አይደለም። በስልክ ውስጥ ስላለው ገበያ፣ ድረ ገጽ ስለሚባለው ነገር ልንነግራችሁ አስበናል። እናንተ ፊደል ቆጥራችሁ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጨርሳችኋል። ባለፈው ሳምንት ከመካከላችሁ አንዱ «ፊደሉንስ ለየነው፤ ታዲያ ምን እናነብበታለን?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም መልስ ብለን የያዝነው አንድ በዓይናችን ያየነውን ነገር ነው።

እኛ ለመሠረተ ትምህርት ሥራ ተመድበን የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። እውነቱን ለመናገር ሂዱ ተብለን እንጂ መርጠን አልመጣንም። ስለ ኮምፒዩተር ከናንተ የበለጠ እናውቃለን ብለን እናስብ ነበር። ይህን ነገር ያስተዋሉት ግን እዚሁ ከናንተ ጋር ፊደል የቆጠሩ አንዲት እናት ናቸው። ወደ እሳቸው እንመጣለን።

በመጀመሪያ ድረ ገጽ ምን እንደሆነ እንይ። ገበያ ላይ ሻጭ ዕቃውን ይዘረጋል። ገዢ ይመጣል፤ ይዳስሳል፤ ያገላብጣል፤ ዋጋ ይጠይቃል። ሻጩ እዚያው ስላለ የተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። ድረ ገጽም ዕቃ የሚዘረጋበት ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ሻጩ እዚያ አለመኖሩ ነው። ገዢው በእኩለ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ጂዳ ሆኖ ስልኩን ከፍቶ ያያል። ሻጩ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፤ ወይም እርሻ ላይ ነው። በሻጩ ምትክ የሚናገሩት ጽሑፉና ፎቶግራፉ ብቻ ናቸው። ጽሑፉ ያልመለሰውን ጥያቄ ማንም አይመልስለትም። ገዢውም ጣቱን አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ሻጩ ገዢ መጥቶ እንደሄደበት እንኳ አያውቅም።

ይህ ነገር የመጣው በቅርቡ ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቫ አጠገብ ባለ የሳይንስ ምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 1989 ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ አንድ ይምሰል እንጂ በመካከሉ ስምንት ዓመት ያህል አለ። ፊደላችን በዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር «ሀ» ተብሎ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ጭረት ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን እናንተ የቆጠራችሁት ፊደል ያው ራሱ በስልካችሁ ላይ ይነበባል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ከደሴ ብዙ ሳይርቅ ከበግ ጠጉር ባናና ምንጣፍ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አለ። ስሙን አንጠራም። አባላቱ 11 ናቸው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሁለት ሙክት ዋጋ አዋጥተው ከተማ ላለ አንድ ባለሙያ ድረ ገጽ አሠሩ። ባለሙያው ሠርቶ በስልኩ ከፍቶ አሳያቸው። ፎቶግራፍ አለው፤ ጽሑፍ አለው፤ ቀለሙ ያምራል። ደስ አላቸው። በዚያን ጊዜ ከአባላቱ አጥርቶ ማንበብ የሚችለው ጸሐፊው ብቻ ነበር። እሱም ለጉዞ ቸኩሎ ነበርና ዓይኑን ጣል አድርጎበት «ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ጠበቁ። አንድም ሰው አልደወለም። «ኢንተርኔት የሚሉት ለኛ ዓይነቱ አይሆንም» ብለው ተዉት።

ቀደም ሲል ያነሳናቸው እናት የዚህ ማኅበር አባል ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ ነው። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ የልጃቸውን ስልክ ይዘው መጡና «ልጆቼ፣ እስቲ የማኅበራችንን ገጽ ክፈቱልኝ፤ ላንብበው» አሉን። ከፈትንላቸው። ገጹ ቶሎ አልመጣም። አንድ ክብ ምልክት በመስታወቱ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል። «ምነው፣ ይህ ነገር እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል?» አሉ። እኛ ለምደነው ነበርና ምንም አልመሰለንም። እሳቸው ግን ልክ ነበሩ። ለመግዛት ያሰበ ሰው ያን ያህል አይጠብቅም።

በመጨረሻ ተከፈተ። ከላይ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ከሥሩ የምንጣፍ ፎቶግራፍ አለ። ምንጣፉ ግን የእነሱ አይደለም፤ ባለሙያው ከሌላ ቦታ ያመጣው፣ አበባ የበዛበት የውጭ አገር ምንጣፍ ነው። ቀጥሎ ስለ ማኅበሩ ዓላማና ራእይ ረጅም ጽሑፍ ይመጣል። እማማ ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ እያሳለፉ ፊደል በፊደል አነበቡ። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው አነበቡት። «ከንጹሕ … ሐር … የተሠራ።» ቀና አሉና አዩን።

«ሐር? የምን ሐር? እኔ ዕድሜ ልኬን የፈተልሁት የበግ ጠጉር ነው።»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «ሰው ይህን አምኖ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይለን ነበር? ሌቦች ነበር የሚለን» አሉ። ሳቃችን እዚያው ላይ ደረቀ።

ወደ ታች ወረዱ። መጨረሻው ላይ የስልክ ቁጥር አለ። ለእሳቸው ከፊደል ይልቅ ቁጥር ይቀናቸዋልና ሳይቸገሩ አንድ በአንድ ጠሩት። ከዚያ ዝም አሉ። «ይህ እኮ የድሮው ጸሐፊያችን ቁጥር ነው» አሉን። «አዲስ አበባ ከገባ ቆየ። ሲሙም ጠፍቶበት ሌላ አውጥቷል።» ደወልንበት። ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ገዢ ሁሉ ሲደውል የነበረው ወደማይነሳ ስልክ ነው። ስንት ሰው እንደደወለ፣ ምን ያህል ምንጣፍ ሳይሸጥ እንደቀረ አሁን ማወቅ አይቻልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአባላቱ ሁለቱ ሽመናውን ትተው ለቀን ሥራ ወደ ኮምቦልቻ ወርደዋል።

በማግስቱ ማኅበሩ ተሰበሰበ፤ እኛም ተጠራን። እማማ ገጹን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡላቸው። ሰዎቹ ባለሙያውን መርገም ጀመሩ። ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል። ማንም አላነበበለትም፤ ማንም አላረመውም። ምንጣፉን ሲሠሩ ያላየ ሰው ከየት አምጥቶ ይጻፍ?

እኛም ጥቁር ሰሌዳ አቆምንና «ገበያ ላይ ገዢ የሚጠይቃችሁን ሁሉ ጥሩልን» አልናቸው። ከግራም ከቀኝም ጠሩ። ከምን ተሠራ? ቁመቱና ስፋቱ ስንት ነው? ቀለሙ ይለቃል ወይ? ሲታጠብ ይኮማተራል? ዋጋው ስንት ነው? መጨረሻውስ? የት ነው ያላችሁ? እነዚህን በጠመኔ ጻፍንና መልሳቸውን ከገጹ ላይ ፈለግን። ከሰባቱ ጥያቄዎች ገጹ የመለሰው አንዱን ብቻ ነው፤ ያንንም በሐሰት።

ስለ ቀለሙ የተባለውን ልንገራችሁ። አንዱ ሸማኔ «ቀለሙማ የበጉ የራሱ ነው። ጥቁሩ ከጥቁር በግ፣ ነጩ ከነጭ በግ ነው። ምኑ ይለቃል?» አለን። «ታዲያ ይህን ለምን ገጹ ላይ አላስጻፋችሁም?» አልነው። «ይኼማ ሁሉም የሚያውቀው አይደል?» አለ። እዚህ አገር ሁሉም ያውቀዋል። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ገዢ ግን አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ሲታጠብ ቀለሙ ውኃውን የሚያደፈርስ የፋብሪካ ምንጣፍ ነው። ለሸማኔው ተራ ነገር የሆነው ለገዢው ትልቅ ነገር ነው። በኛ ግምት ከዚያ ገጽ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

ልኩን ለመጻፍ ደግሞ ክንድ አስቸገረን። ማኅበሩ የሚለካው በክንድ ነው። የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አንድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ በገበያ ስንት ጭቅጭቅ አይታችኋል። ገዢው ቤቱን የለካው በሜትር ነው። ስለዚህ ምንጣፎቹን ሁሉ ዘርግተን በሜትር ለካን። ሰሌዳው ላይ የጻፉት እማማ ራሳቸው ናቸው።

ፎቶግራፉን ያነሳነው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ቀትር ላይ ቀለሙ ይነጣል፤ ቤት ውስጥ ይጠቁራል። ምንጣፉን አጥር ላይ ሰቀልነውና አንዱን ሸማኔ ከጎኑ አቆምነው። ሰው አጠገቡ ሲኖር የምንጣፉ ትልቅነት ይታያል። ሸማኔው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ። የፎቶግራፍ ክብደት የሚባል ነገርም አለ። ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶግራፍ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ይህ ለአንድ አህያ የአራት አህያ ጭነት እንደ መጫን ነው፤ ገጹ እንደ ወፍጮ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ 200 ኪሎባይት ሲቀነስ በስልክ መስታወት ላይ መልኩ ብዙም አይለይም፤ ገጹ ግን ቶሎ ይከፈታል። የገዢውንም የኢንተርኔት ጥቅል አይበላበትም። ይህን የሚቀንስ መሣሪያ በነጻ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችሁ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ትልቁ ክርክር በዋጋ ላይ ነበር። ግማሾቹ «ዋጋ ከተጻፈ ሌላው ሸማኔ አይቶ ዝቅ አድርጎ ይሸጥብናል» አሉ። ሌሎቹ «ዋጋ ያልተጻፈበትን ዕቃ ማን ይጠይቃል? ውድ ነው ብሎ ያልፋል» አሉ። እኛ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርን፤ አሁንም ነን። ነገር ግን የራሳቸው ንብረት ነውና አልገፋንም። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ልክ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብለው እንዲጻፍ ተስማሙ። ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ገጹንም የምትለውጥ አንዲት ወጣት ተመረጠች።

ቃላቱም ተለወጡ። የድሮው ገጽ «ዘመናዊ የወለል ንጣፍ መፍትሔ» ይል ነበር። ይህን ቃል ገበያ ላይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አልሰማንም። ሰው በስልኩ ሲፈልግ የሚጽፈው «ባና» ብሎ ነው፤ «የበግ ጠጉር ምንጣፍ ደሴ» ብሎ ነው። ፈላጊው መሣሪያ ጉግል የሚያመጣለትም እነዚያን ቃላት የያዘውን ገጽ ነው። ገጹ ላይ «ባና» የሚል ቃል ከሌለ ባና ፈላጊ ወደዚያ ገጽ አይደርስም። ስለዚህ የአፋችሁን ቃል ጻፉ። ለውጭ አገር ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። የስልክ ቁጥሩም ከውጭ ለሚደውል ሰው ከመነሻው 0 ተነሥቶለት በ+251 ይጀመር። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ሳትጻፍ ስትቀር ግን ጂዳ ያለው ወገን ደውሎ ደውሎ ይተወዋል።

ከዚያስ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ተአምር አልሆነም። በመጀመሪያው ወር አራት ሰው ደወለ። አንዱ የጠየቀው ሐር አላችሁ ወይ ብሎ ነው፤ የድሮውን ገጽ አይቶ የነበረ ሰው ሳይሆን አይቀርም። አንዱ ዋጋ ጠይቆ ጠፋ። አንዷ ከአዲስ አበባ ሁለት ምንጣፍ አዝዘው በአውቶቡስ ተላከላቸው። አራተኛው ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰው ናቸው። ለስድስት ክፍል ስድስት ምንጣፍ፣ በልካቸው፣ አዘዙ። ልብ በሉ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በታክሲ ወርደው የሚመለሱበት መንገድ ነው። ሆኖም እኚህ ሰው ባናውን ያገኙት በስልካቸው ነው። ድረ ገጽ ለሩቅ አገር ገዢ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ልክ እንዳልሆነ ያየነው በዚህ ነው።

ምንጣፉን ልናደርስ ኮምቦልቻ ስንወርድ ባለማረፊያው የራሳቸውን ችግር ነገሩን። ኮምቦልቻን ታውቋታላችሁ። ፋብሪካ አለ፤ ደረቅ ወደብ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የከባድ መኪና ሾፌር በባቲ በኩል ይመጣል። ሌሊት የሚደርስ እንግዳ አገሩን አያውቅም፤ ስልኩን ከፍቶ አልጋ ይፈልጋል። የሰውዬው ማረፊያ በስልኩ ካርታ ላይ የተመለከተው ግን ሌላ ሰፈር፣ ወንዝ አጠገብ ነው። እንግዳ በጨለማ እየዞረ ተሳስቶ ሲመለስ ኖሯል። ካርታው ላይ ያለውን ምልክት ወደ ቦታው መመለስ ገንዘብ አያስከፍልም። ያንኑ ቀን አስተካከልንላቸው። ከሥሩም «ከዋናው አስፋልት ስንት ሜትር ገባ ብሎ፣ በየትኛው መስጊድ ጎን» የሚለውን አስጻፍናቸው። ሰው በምልክት እንጂ በካርታ ብቻ አይመራም።

ስለ አንዲት ነጋዴ ደግሞ እንንገራችሁ፤ ይህች በስሟ የምትጠራ ናት። ቤተልሔም ጥላሁን ትባላለች። አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር በ1997 ዓ.ም. ገደማ የጫማ ሥራ ጀመረች። ሶል ሬብልስ ይባላል። የጫማው ሶል ከአሮጌ የመኪና ጎማ ይቆረጣል፤ ላዩ በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጥጥ ነው። ጎማ ጫማ እኮ እናንተ ስታርሱ የምታደርጉት ነው! እሷ ጎማነቱን አልደበቀችም። ጎማ መሆኑን፣ በእጅ መሸመኑን ጽፋ በኢንተርኔት ለውጭ አገር ገዢ አሳየች፤ ገዢውም የወደደው ያንኑ ነው። ሥራዋ በሌላ አገር ሱቅ እስከ መክፈት ደርሷል። ሁሉም እንደዚያ ይሆናል ማለታችን አይደለም። በዚያኛው ማኅበር ገጽ ላይ ግን የበግ ጠጉሩ ሐር ተብሎ ተጽፎ ሳለ፣ እሷ ጎማውን ጎማ ብላ ሸጠችው።

ስለ ቁልፉ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሱቅ ቁልፍ እንዳለው ድረ ገጽም የይለፍ ቃል የሚባል ቁልፍ አለው። የድረ ገጹ ስም ደግሞ በየጊዜው እየተከፈለበት ይታደሳል፤ ካልታደሰ ይወሰዳል። ያ ማኅበር ስሙ የተመዘገበው በባለሙያው ስም ነበር፤ የይለፍ ቃሉም በእጁ ነበር። ገጹን ለማረም ስንጠይቀው ሌላ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አለ። ሽማግሌ ልከን ነው ያስመለስነው። እናንተ ስታሠሩ ስሙ በማኅበራችሁ ስም ይመዝገብ፤ ቁልፉ በሁለት አባላት እጅ ይሁን። የቴሌብር ምስጢር ቁጥራችሁን ግን ለማንም፣ ለኛም ቢሆን አትስጡ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ክፍያው ቀልሏል፤ ማታለሉም አብሮ መጥቷል። ገዢ ነኝ ባይ «ልኬያለሁ» ብሎ የደረሰኝ ፎቶግራፍ ቢያሳያችሁ ፎቶግራፉን አትመኑ። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን አንብቡ። ከዚያ ምንጣፉን ስጡ።

ኢንተርኔት የሚጠፋበት ጊዜም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ሱቅና ፋብሪካ ተዘርፏል፤ ይህን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ገጽ ብቻ ያለው ነጋዴ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በደብተር የጻፈው ግን ደውሎ ሸጠ። አብሽሩ፤ ደብተርና እስክርቢቶ አላችሁ፤ መጻፍም ችላችኋል። የገዛችሁን ሰው ሁሉ ቁጥሩን ጻፉ።

ድረ ገጽ የሌላችሁ አሁኑኑ ካላሠራን ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ለጥቂት ኩንታል ምስር ወይም ለአሥር ጠርሙስ ማር የቴሌግራም ገጽና ካርታው ላይ ያለ ምልክት ለጊዜው ይበቃል፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይከፈታሉ። ያላችሁ ግን፣ ወይም ልጃችሁ ከተማ ሆኖ ያወጣላችሁ፣ በሚመጣው ሰኞ ከገበያ መልስ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌሎቻችን እንደ ገዢ ሆነን እንጠይቃለን። እኛ ሜትር እናመጣለን። እማማም እመጣለሁ ብለዋል።